ካርቦን ዳይኦክሳይድንና አሲድን በአንድ ቁጥር አትጠቅልሉ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ተቀምጦ የነርቭ ሴልን፣ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ትንፋሽን የሚያፈጥነውን ሴል፣ ሞዴል በኮምፒውተር ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ኒውሮን የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ከፓይተን ጋርም ይሠራል። ለአንድ ሴል ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ኔትወርክ ሲኖር መማሪያውን ሁሉ አውርዱ፤ መብራት አይታመንምና ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። መነሻው የነርቭን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሰላው የሆጅኪንና የሀክስሊ የ1952 ቀመር ነው። ቀመሩ የወጣው ግን ከስኩዊድ ነርቭ፣ በ6.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለሰው ወይም ለአይጥ ሴል ሙቀቱን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ።

ያንገበገበኝ ግምገማው ነው። ፕሮፖዛሌ መጀመሪያ የተመለሰው «የናሙና ብዛት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው ተብሎ ነው። ሰውም እንስሳም የለበትም ብል ማን ይስማኝ! እሱስ ይሁን። ሁለተኛው ግን ዛሬም ከሆዴ አልወጣም። አንዱ ገምጋሚ ግማሹን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያው አሲድ ነው፤ አንዱ ይበቃል» ብሎ ጽፎበታል። አማካሪዬም «ያሉህን አድርግና ተገላገል» አለኝ። እምቢ አልኩ።

ገብቼ ገምጋሚዎቹ ፊት በወረቀት አሰላሁት። ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያለዝበው) 24 ሚሊሞል በሊትር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 7.4 ነው። ጋዙን ብቻ 80 ብታደርጉት ወደ 7.1 ይወርዳል። ባይካርቦኔቱንም 48 ስታደርጉት ግን ተመልሶ 7.4 ይሆናል። ጋዙ እጥፍ ሆኗል፤ ከሴሉ ውጭ ያለው ፒኤች ግን ንቅንቅ አላለም። ውስጡስ? ጋዙ የሴሉን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። ባይካርቦኔት ቻርጅ ስላለው እንደዚያ አይገባም። ስለዚህ ውስጡ አሲድ ይሆናል። ከፖታሲየም ቻናሎች (ፖታሲየም በሴሉ ሽፋን ከሚያልፍባቸው በሮች) ደግሞ አንዳንዶቹ የውጩ አሲድ፣ ሌሎቹ የውስጡ ሲበዛ ይዘጋሉ። ሲዘጉ ፖታሲየም የሚወጣው ይቀንሳል፤ ሴሉ የኤሌክትሪክ ምልክቱን ቶሎ ቶሎ ይልካል፤ ትንፋሽም ይፈጥናል። ሁሉን በአንድ ቁጥር ብጠቀልለው የትኛው ቻናል ሥራውን እንደሠራ በምን ላውቅ?

ዝም አሉ። ፕሮፖዛሉ አለፈ። «ልክ ነህ» ያለኝ ግን የለም። በዚያ ገጽ አሁንም እኮራለሁ።

እናንተ ስሌቱን አንድ ገጽ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው አያይዙት፤ ቅጹ ባይጠይቅም። «ሙሉውን የአተነፋፈስ መረብ ሥሩ» ቢሏችሁ አትስሙ። አንድ ሴል በደንብ ሳይገባችሁ መቶ ሴል ብትደረድሩ ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። 40 የሚለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰው አብዝቶ ይተነፍሳል፤ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ዝቅ ይላል። ኩላሊት ደግሞ ባይካርቦኔቱን ይቀንሳል። የደጋ ሰውን ሴል የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱንም አብራችሁ ዝቅ አድርጉ፤ ጋዙን ብቻ ቀንሳችሁ እንዳትተዉት።