ከቋንቋው በፊት ጭፈራው፦ ለግሪክ-አሜሪካዊ ወጣቶች

አሜሪካ የተወለደ የግሪክ ልጅ «ሥሬን ልወቅ» ብሎ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቋንቋው ነው። ግሪክኛ ትምህርት ይመዘገባል፣ ፊደሉን ይቆጥራል፣ ከግሥ እርባታው ጋር ትንሽ ይታገላል፤ የሚያናግረው ሰው ስለሌለው ግን ይተወዋል። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ጭፈራ፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና፣ ከዚያ የግሪክ ዜግነት ወረቀት። ቋንቋው በእነዚህ መሃል ይገባል። ይህ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ አድገው አሜሪካ ለገቡ፣ አማርኛ ለሚናገሩ ግሪኮች ልጆችም ይሠራል።

በሩ ደብሩ ነው። አስቶሪያም ይሁን ቺካጎ ወይም ሎዌል፣ ማኅበሩም የጭፈራ ቡድኑም የግሪክኛ ትምህርት ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አይርቁም። ጎያ የሚባለው የኦርቶዶክስ ወጣቶች ማኅበር (በ1951 የተቋቋመ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ይይዛል። አሄፓ የሚባለው የግሪክ-አሜሪካውያን ማኅበር ደግሞ በ1922 አትላንታ ላይ የተመሠረተው የነጭ ዘረኞቹ ቡድን ኩ ክላክስ ክላን ስደተኛውን በሚያስጨንቅበት ዘመን ነበር፤ የራሱ የወጣት ክንፎች አሉት። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ልምምድ ያለበት ቀን ሂዱ።

የሚጀመረው እጅ ለእጅ ተያይዞ በሚጨፈረው በካላማቲያኖስ ነው፤ ይህን የማይጨፍር የግሪክ ሠርግ አላውቅም። ምቱ ሰባት ሲሆን 3፣ 2፣ 2 ተብሎ ይከፈላል፦ አንድ ረዘም ያለ እርምጃ፣ ሁለት ፈጠን ያሉ። ይህ አራት ጊዜ ሲመጣ 12 እርምጃ ይሞላል። ቀኝ እግር ወደ ቀኝ፣ ግራ ከኋላ ተሻግሮ፣ እንደገና ቀኝ ወደ ጎን። ቀጥሎ ግራ ከፊት ተሻግሮ፣ ቀኝ ወደ ጎን፣ ግራ ከፊት። በሦስተኛው ዙር ቀኝ ወደ ጎን ይወጣል፤ ግራ ከፊት ይረግጥና ክብደቱ ወደ ቀኝ ይመለሳል። በአራተኛው ግራ ወደ ግራ ይወጣል፤ ቀኝ ከፊት ይረግጥና ክብደቱ ወደ ግራ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ይታወቃል። ጀማሪ ሦስቱን እርምጃዎች እኩል ያደርጋቸዋል፤ ያኔ ሰባቱ ምት ስድስት ይሆንና ከሰልፉ ቀድሞ ጎረቤቱን ይጎትታል። መድኃኒቱ የመጀመሪያዋን እርምጃ ማዘግየት ነው እንጂ ሁለቱን ማፍጠን አይደለም። እጅ ለእጅ ሲያያዙ ክርን ታጥፎ መዳፍ ትከሻ አካባቢ ይሆናል፤ ክንዳችሁን ጎረቤታችሁ ላይ ከጣላችሁ ዘፈኑ ሳያልቅ እሱ ይደክማል። ትልቁ ነውር ግን ከፊት መግባት ነው። በቀኝ ጫፍ ያለው መሪ ከሁለተኛው ጋር መሐረብ ይዞ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፤ በሁለቱ መሃል አይገባም። አዲስ ሰው የሚቀጠለው ከጅራቱ ነው።

ኩሽናው ቀላል ነው፤ ሥራ ሁልጊዜ አለ። በዓመታዊው ፌስቲቫል ሉኩማዴስ (ማር የሚፈስባት ትንሽ የቦምቦሊኖ ዘመድ) የሚጠበስበት ድስት ዘንድ ወጣት ይፈለጋል። ዘይቱ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጠበቅ፤ ብዙ ሊጥ አንዴ ከተጣለበት ይበርዳል፣ ሉኩማዴሱም ዘይት ይጠጣል።

ለፋሲካ ደግሞ እንቁላሉ ቀይ ሆኖ የሚቀቀለው ጸሎተ ሐሙስ ነው። የግሪክና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን በአንድ ቀን ስለሚያከብሩ (ለምሳሌ በ2026 ኤፕሪል 12) ሁለቱም ደም ያለበት ቤት አንድ ጊዜ ይጾማል፣ አንድ ጊዜ ይፈታል። ለ12 እንቁላል የ15 ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ በአንድ ሊትር ተኩል ውኃ ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ፤ ተጠልሎ ይቀዝቅዝና ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨመርበት። እንቁላሉ ከፍሪጅ ወጥቶ ውጭ የቆየ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛው ትኩስ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል። በዝግታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀል፣ ከደረቀ በኋላ በወይራ ዘይት ይወልወል። አቼቶው ከተረሳ ቀለሙ ዥጉርጉር ይወጣል። ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ አንዱ «ክሪስቶስ አኔስቲ» (ክርስቶስ ተነሣ) ብሎ የሌላውን እንቁላል ጫፍ በጫፍ ይመታል፤ መላሹ «አሊቶስ አኔስቲ» (በእውነት ተነሣ) ይላል፤ ሳይሰበር የቀረለት ዓመቱን ሙሉ ዕድለኛ ነው ይባላል።

ወረቀቱ ላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዜግነት በወላጅ ወይም በአያት በኩል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያሻው የመንደሩ ስም ነው፤ «ከፔሎፖኔዝ ነን» አይበቃም፤ መዝገቡ ያለው ቤተሰቡ በተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ነው። ስለዚህ አያቶች በሕይወት እያሉ ጠይቁ፤ የጥምቀት ወረቀት፣ አሮጌ ፓስፖርት፣ ከፖስታ ጀርባ ያለ አድራሻም ይጠቅማል። ቀጥሎ ሰንሰለቱ ከላይ ወደ ታች ይሠራል፦ የአያት ጋብቻ፣ የወላጅ ልደት፣ የወላጅ ጋብቻ፣ የእናንተ ልደት። አንዱ ግሪክ ውስጥ ካልተመዘገበ ቀጣዩ አይንቀሳቀስም። የአሜሪካው ሰርተፊኬት ሙሉው ቅጂ ይሁን፤ ከሰጠው ክፍለ ግዛት አፖስቲል (ሰነዱ ውጭ አገር እንዲታመን የሚያደርግ ማረጋገጫ) ይምታበት፤ ከዚያ ወደ ግሪክኛ ይተርጎም። ተርጉሞ በኋላ አፖስቲል ማስመታት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ፋይል የሚያስቆመው በአብዛኛው ስም ነው። ፓፓዶፑሎስ አሜሪካ ሲደርስ ፓፓስ ሆኗል፤ ኮንስታንቲኖስ ደግሞ ጋስ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ የስም ለውጥ ውሳኔ ወይም የአሜሪካ ዜግነት ሰነድ አስቀድማችሁ ፈልጉ። የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ግሪክ ውስጥ የተፈቀደው በ1982 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የተጋቡ ወላጆች ያሏችሁ ቆንስላውን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ወንዶች አንድ ነገር ይወቁ። ምዝገባው ሲያልቅ የግሪክ ዜጋ ናችሁና ከ19 እስከ 45 ዓመት የውትድርና ግዴታ አለ። ውጭ የሚኖር ሰው የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫ አውጥቶ ሊያዘገየው ይችላል፤ ይህን ከቆንስላው የምታወጡት ግሪክ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ነው።