ኢንጂነሩና የጨው በርሜሉ
ቬጋስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ውሃችን ከኮሎራዶ ወንዝ ሌክ ሚድ ተጠራቅሞ ነው የሚመጣልን፣ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን እንደተሸከመ። እኔ ደሞ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ከማንቆርቆሪያ ላይ ኖራ ስፍቅ ነው ያደግኩት፣ ባህር ተሻግሬ ስመጣ ኖራው ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ሶፍትነር፣ ማለትም ውሃ ማለስለሻ ማሽን፣ አለን። አንዱ ታንክ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች ካልሲየሙን ይዘው ሶዲየም ይለቃሉ፣ ሲጠግቡ ከጎን ካለው በርሜል በሚመጣ የጨው ውሃ ይታጠባሉ፣ ያውም ለሊት 8 ሰዓት ሰው ሲተኛ።

እማዬ ከድሬ ከመጣች ጀምሮ ከዚህ ማሽን ጋር ተጣልታለች። ለስላሳ ውሃ ሲታጠቡበት ያሙለጨልጫል አይደል፣ እሷ ደሞ ሳሙናው አለቀቀኝም ብላ ሻወር ውስጥ ሰዓት ትፈጃለች። አንድ ቀን ግን ፊቷ በርቶ ወጣችና "ተመስገን፣ ዛሬ ውሃው ተሻለው!" አለችኝ። ወዲያው ገባኝ፣ ማሽኑ ቆሟል ማለት ነው።

በርሜሉን ብከፍት ጨው ጢም ብሏል። ኢንጂነርን ጠራሁት። ኢንጂነር ስላችሁ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አከፋፋይ ነው፣ አንዴ የማህበራችንን ማይክ ነካ ነካ አድርጎ ስላሰራው ስሙ ቀረለት። መጥቶ አየና "ይሄ መደፋት አለበት" አለ። ውሃው ማሽኑን ዘሎ እንዲያልፍ ባይፓሱን አዞረ፣ በርሜሉ ውስጥ የውሃውን ልክ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ ያለችበትን ቱቦ ክዳን ከፍቶ ጎማ ሰደደበት፣ እሺ እስከዚህ ጥሩ፣ ከዛ ግን እንደ ድሮው ቤንዚን ሊስበው አፉን ደቀነ። ቀስ በል ሳልለው ጨው ውሃው መጣ፣ ሁለት ጉንጭ ሙሉ ዋጠው መሰለኝ፣ አይኑ ፈጦ ጎማውን ለቀቀው። እማዬ "ልጁን ገደልከው!" ብላ ሮጣ ጀርባውን መደብደብ ጀመረች፣ መሃል ላይ ዞር ስትል ጎማው የት እየፈሰሰ እንደሆነ አየች፣ በራሷ እጅ የዘራችው በሶብላ ላይ። ልጁን ትታው ሄደች።

መጥረጊያ ይዛ ስትመለስ ለሱ ነበር የመሰለኝ። "ቆይ እስቲ ይሄ ጉድ ምንድነው" ብላ በእንጨቱ ጨዉን ስትወጋው ጓ! ብሎ ተሰበረና ግማሽ በርሜል ወደ ታች ሰመጠ። ለካ ላዩ ጋግሮ ድልድይ ሰርቷል፣ ከስር ባዶ ነው፣ ውሃው ጨዉን በደንብ ሳይነካው ነው የሚገባ የሚወጣው። ኢንጂነር ድምፁ ተዘግቶ "እኔም ወደዛው እየሄድኩ ነበር" አለ፣ የያዘው ሁለተኛ ጠርሙስ ውሃ ነው። ባይፓሱን መለስን፣ አንድ ባልዲ ውሃ ጨመርንበት፣ ጨዉ እስኪሟሟ ብለን እጥበቱን ለለሊት 8 ሰዓት ተውነው።

ማታ ኢንጂነር የማህበሩ ቴሌግራም ላይ "የወንድማችንን ሶፍትነር ሰርቼ መጣሁ፣ የፈለገ ያናግረኝ" ብሎ ለጠፈ። እማዬ ከስሩ ቮይስ ላከች፣ ቮይሱን እዚህ መፃፍ አልችልም። እሱ ግን ሁለት ሰው ቀጠሮ ይዞለታል።