ዕቁብ የደረሰው ሰው ቤት ሲገዛ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) የቤት ብድር ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር፣ አማርኛ መናገሬ ዋናው ጥቅሜ የሚሆን መስሎኝ ነበር። የከበደኝ ግን ቋንቋው ሳይሆን፣ አባላቱ ገንዘብ የሚያጠራቅሙበትን መንገድ ብድሩን ለሚመረምረው አንደርራይተር በወረቀት ማስረዳት ሆኖ ተገኘ።

በራሴ ስህተት የተበላሸ አንድ ማመልከቻ አለ። ባልየው ኡበር የሚነዳ፣ ሚስቱ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ ባልና ሚስት፣ የመረጡትን ቤት ውል ፈርመው መጡ። በባንክ መግለጫቸው ላይ 20,000 ዶላር ባንድ ቀን ገብቷል። ምንጩን ስጠይቅ ባልየው «ዕቁብ ደርሶን ነው» አለኝ፤ እኔም ዕቁብ አውቃለሁ ብዬ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ አለፍኩ። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይ በጋራ የተጠራቀመ ገንዘብን ለቅድመ ክፍያ ስለሚቀበል፣ ከዕቁቡ ዳኛ ደብዳቤ አስጽፌ ፋይሉን ላክሁ።

አንደርራይተሯ ሁለት ነገር ጠየቀች፦ በየወሩ የከፈሉበትን ማስረጃና የቀራቸውን የወር ብዛት። ለዚሁ ጉዳይ የዕቁቡ ዳኛ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ያወጡልኝ ባለመስመር ደብተር ስም በቁመት፣ ወር በአግድም የተጻፈበትና በየሳጥኑ ፊርማ ያለበት፣ እንከን የማይወጣለት መዝገብ ነበር። ሆኖም ሚስትየው በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ከላከችው በቀር ሌላው ሁሉ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ በመሆኑ ከባንክ መግለጫው ጋር የሚመሳከር ነገር አልነበረውም። የባሰው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ሃያ ሰው በወር 1,000 ዶላር የሚጥልበት ዕቁብ የደረሳቸው በአምስተኛው ወር ስለነበር፣ የራሳቸው ቁጠባ 5,000 ዶላር ብቻ ሲሆን የቀረው 15,000 ገና የሚከፈል ዕዳ ነው። እኛ «ዕጣ ወጣልን» ብለን እልል የምንልበትን ነገር አበዳሪው ብድር ብሎ ያየዋል፤ እውነቱን ለመናገር ትክክል ነው። በየወሩ የሚቀረው 1,000 ዶላር ወርኃዊ ዕዳቸው ላይ ሲደመር ከገቢያቸው 50 በመቶ አለፈ፤ ብድሩ ስላልተፈቀደ ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው።

ከዚያ ወዲህ ከደመወዝ በፊት የምጠይቀው ስለ ዕቁብ ነው። ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኤፍ ኤች ኤ፣ መመሪያም የቁጠባ ማኅበርን ገንዘብ የሚቀበለው ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተና ምን ያህል እንደቆየ ሲረጋገጥ፣ ገንዘቡም ብድር አለመሆኑ ሲታይ ነው። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ አባል ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለት እንኳ ከቸገረው ሰው ጋር ተለዋውጦ ወደ መጨረሻው እንዲቆይ፣ ክፍያውንም ሁልጊዜ ከራሱ ሂሳብ እንዲልክ እመክራለሁ።

ባልና ሚስቱ ዕቁቡ እስኪያልቅ ጠብቀው ጀርመንታውን ውስጥ ታውንሐውስ ገዙ። ጋሼ አሁን አዲስ ዕቁብ ሲጀምሩ ከአባላቱ መካከል ቤት ለመግዛት ያሰበ መኖሩን አስቀድመው ያጣራሉ፤ ደብተራቸው ላይም ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁን በባንክ የሚጻፍበት አንድ ተጨማሪ መስመር አለ።