ሌሎች በከፈቱት በር

ልጄ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በመሆኗ ከመስከረም ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ ብቻ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣም ጨዋታው ያው ነው፤ የእገሌ ልጅ የት አመለከተ፣ የእገሊት ልጅ የት ገባች። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ለልጄ ከልቡ በማሰብ «ፍርድ ቤቱ ዘር አይታይም ቢልም ከማመልከቻው ጋር በሚቀርበው ድርሰት ላይ መጻፍ አልተከለከለም፤ ጥቁርነቷን ትጻፍበት» አለኝ። ምክሩ በሕግ ረገድ ትክክል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማመልከቻው ላይ ለዓመታት ሲጠየቅ የኖረው የዘር ጥያቄ መጀመሪያውኑ ለማን ታስቦ ነበር?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በ1978 የተፈቀደውንና በ2003 እንደገና የጸናውን፣ የአመልካችን ዘር እንደ አንድ መመዘኛ የመቁጠር አሠራር አስቀርቷል። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያስከተለውን ነገር በድርሰቱ ቢገልጽ ዩኒቨርሲቲዎች ያንን ከግምት ማስገባት እንደሚችሉ ጽፈዋል፤ ወዳጄ የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ሃርቫርድን የከሰሰው ወገን ያነሳው ዋና ቅሬታ፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች በትምህርት ውጤታቸው ልቀው ሳለ ስለ ባሕርያቸው በሚሰጠው ነጥብ ዝቅ ይደረጋሉ የሚል ነበር። የሥር ፍርድ ቤት ሆን ተብሎ የተፈጸመ አድልዎ አላገኘሁም ቢልም፣ ሌት ተቀን ያጠና ልጅ በአካል አይቶት በማያውቅ ሰው ባሕርዩ ተመዝኖ ዝቅ ሲደረግ ወላጁ ቢያዝን አልፈርድበትም።

ወደ እኛ ስመለስ ጉዳዩ ይከብድብኛል። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት፣ በ1999 ተማሪዎቻቸውን በጥብቅ መርጠው ወደሚቀበሉ 28 ኮሌጆች ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች መካከል 27 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸው ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች እንደነበሩ አሳይቷል፤ እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች በሚገኙበት በአይቪ ሊግ ደግሞ ድርሻቸው ወደ 41 በመቶ ይጠጋ ነበር። በዚያ ዕድሜ ካሉ ጥቁር ወጣቶች መካከል የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት ለዘመናት በባርነት፣ በኋላም በሕግ በተደነገገ መለያየት ለተበደለው ሕዝብ ካሳ ይሆናል ተብሎ የተጀመረው ነገር፣ በከፊል እንደ እኛ በገዛ ፈቃዳችን አውሮፕላን ተሳፍረን ለመጣን ሰዎች ልጆች ደርሷል ማለት ነው። እንኳን የኮሌጁ በር፣ እኛ ወደዚህ አገር የገባንበት መንገድ ራሱ የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ውጤት አለበት፤ ለሰሜን አውሮፓውያን ያደላ የነበረውን የኮታ ሕግ የሻረው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው የሲቪል መብት ትግሉ በጋለበት ወቅት ነው።

ያም ሆኖ ልጄን «አንቺ ጉዳዩ አይመለከትሽም» ልላት አልችልም። መንገድ ላይ የሚያስቆማት ፖሊስም ሆነ ሱቅ ውስጥ የሚከተላት ጠባቂ አያቶቿ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። እናቴ ለዜግነት ፈተና ስትዘጋጅ ጥያቄዎቹን በአማርኛ የምታስጠናት ይህችው ልጅ ነበረች። በፈተናው ከነበሩት መቶ ጥያቄዎች አንዱ፣ ወደ አሜሪካ ተወስደው በባርነት የተሸጡት እነማን ናቸው የሚል ነበር፤ መልሱም አፍሪካውያን። እናቴ መልሱን ከደገመች በኋላ መነጽሯን አውልቃ «እኛን ነው የሚሉት፣ ልጄ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ አዎም አይደለምም የሚባል መልስ አላገኘችም። አሁን ድርሰቷን የምትጽፈው ስለዚህች ጥያቄ ነው። ሐሳቡ የራሷ ነው፤ ወዳጄ የመከረኝንም አልነገርኳትም፤ ምክንያቱም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቁስሏን ለመርማሪ ዓይን አሳምራ እንድታቀርብ መገፋፋት አልወድም።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ፍርድ ቤቱ ሳይነካው ያለፈው አድልዎ ነው። በሃርቫርድ ክስ የቀረበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ ተቀባይነት ካገኙት ነጮች 43 በመቶ ያህሉ ወይ ለስፖርት የተመለመሉ፣ ወይ የቀድሞ ምሩቃን ልጆች፣ ወይ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ ወይ ከገንዘብ ለጋሾች ጋር በተያያዘ ልዩ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ነበሩ። ለጥቁሩ ልጅ የተደረገው ድጋፍ ሕገ መንግሥት ጣሰ ሲባል፣ አባቱ እዚያው የተማረለት ልጅ የሚያገኘው ብልጫ ለየግዛቱ ሕግ አውጪ ተተወ። ቨርጂኒያ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ይህን መከልከሏ ደስ አሰኝቶኛል፤ የግሎቹን ግን አይነካም። የውሳኔው ውጤትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ2024 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ከገቡት አዳዲስ ተማሪዎች የጥቁሮቹ ድርሻ ከ13 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ዬል ግን እንደነበረው 14 በመቶ ላይ ቆይቷል።

ከልጄ ጋር በአንድ ቡድን የምትሮጥ፣ ቤተሰቦቿ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ቨርጂኒያ የኖሩ ልጅ አለች። ድርሰቷን የሚያይላት ሰው የላትም፤ ተማሪዎችን የሚያማክረው የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ለብዙ መቶ ተማሪዎች አንድ ነው። የእኛ ልጆች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበራችን አዳራሽ ኮሌጅ በጨረሱ ወጣቶቻችን ማመልከቻቸው ይታረምላቸዋል። ይህ እገዛ ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ እንዲከፈት ባለፈው ስብሰባ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። አንዳንዶቹ «መጀመሪያ ለራሳችን ልጆች ይዳረስ» አሉ፤ ሌሎች ደገፉኝ። ውይይቱ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል፤ ልጅቷ ግን የማመልከቻ ቀኗ ከዚያ በፊት ስለሚያልቅ፣ ነገ ከልምምድ በኋላ ቤታችን መጥታ ከልጄ ጋር አብረው እንዲሠሩ እናቷን በስልክ ጠይቄያታለሁ።