ዳገቱ ላይ ሳይሆን ዳገቱ ሲያልቅ

ከግሩፑ፣ ማለትም ተጠጋግቶ ከሚነዳው ጭፍራ፣ አፈትልኬ ለመውጣት የሞከርኩባቸው ሦስት የቢስክሌት ውድድሮች ሁሉም የከሸፉብኝ አንድ የአዲስ አበባ ዳገት ላይ ነው፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው። ቀጭን ነኝ፣ ዳገት ይሆነኛል፣ ስለዚህ አታክ ማድረግ፣ በድንገት ፈጥኜ መነጠል ያለብኝ እዚያ ነው ብዬ ድርቅ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ወጣሁ፤ ቁልቁል ስመለስ ሊሴ ገብረማርያም አካባቢ ስደርስ እግሬ እንጨት ሆነ። ግሩፑ ሲያልፈኝ አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሁለተኛው አብሮኝ የሚወጣ አለ ብዬ ተማምኜ ሄድኩ፤ ዞር ስል ማንም የለም። በሦስተኛው ጥሩ ወጥቼ ሳለ በየሃያ ሜትሩ ወደ ኋላ ስገላመጥ ደረሱብኝ።

ውድድራችን ትልቅ ነገር አይደለም። ደመወዝተኛ፣ ተማሪ፣ በቢስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ልጅ፣ ድሮ ክለብ የነበረ አንጋፋ፤ አርባ ሰው ከሞላ ብዙ ነው። እሑድ ጠዋት መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ከመስቀል አደባባይ ተነስተን በስታዲየም በኩል ለገሃር እንደርሳለን፤ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት፤ እዚያ ዞረን በመጣንበት ቁልቁል። ዙሩ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስምንት ጊዜ እንዞረዋለን።

ነገሩን ያስረዱኝ ቢስክሌቴን የሚጠግኑልኝ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ተወዳድረዋል፤ አሁን እጃቸው ካቴና ሲፈታ አፋቸው ወሬ ይፈታል። ከሦስተኛው ሽንፈት ማግስት ሄጄ ብሶቴን ስዘረግፍ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ሌባ የሚገባው ባለቤቱ ሲነቃ ነው ሲተኛ?» አሉኝ። «ዳገቱ ላይ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ማን ይነሳ ይሆን እያለ ነው። እስቲ የሚተኙት የት እንደሆነ እየው።»

ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነት ነው። ሜዳ ላይ ከሌላው ጎማ ኋላ የተጠለለ ሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ይህ ጥቅም ይሟሟል፤ ሁሉም የገዛ ክብደቱን ነው የሚሸከመው። በጣም የሚበልጥ ሰው እዚያ ጥሎ ይሄዳል። እኔ ግን የምበልጠው በጥቂቱ ነው፤ በዚያች አጭር ዳገት የማገኘው ጥቂት ሰኮንድ ነው፣ እሱንም ያለኝን ሁሉ ከፍዬ። ከዚያ ቁልቁለቱን ጉልበቱ ያለቀ እግር ይዤ ስጀምር አርባው ሰው ተጠላልሎ ይመጣብኛል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሜዳ ላይ ለፍጥነት ደግ ነው፣ የተበደሩትን ትንፋሽ ለመመለስ ግን ክፉ አበዳሪ ነው። አንዴ ከተቃጠሉ ቶሎ አያገግሙም።

የሚተኙበትን ቦታ አገኘሁት። ማዘጋጃ ቤት ጋ፣ መዞሪያው ላይ ነው። ዳገቱን ጨርሶ ሁሉም «እፎይ» ይላል፤ አንዱ ኮዳውን ይመዛል፣ አንዱ ማርሽ ይቀይራል፣ አንዱ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል። መዞሪያው ደግሞ ጠባብ ነው። አምስተኛ ሆኖ የዞረ ሰው ሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ሃያኛው ገና ፍሬን ይዟል።

አንድ ሌላ ነገርም ከአእምሮዬ ማውጣት ነበረብኝ። በሐምሌ ዝናብ ካፌ ተጠልለን ቱር ደ ፍራንስ እናያለን፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ከተወዳደረበት ጊዜ ጀምሮ አላቋረጥኩም። እዚያ የሚያመልጡት በአብዛኛው የተለቀቁ ናቸው። ትልልቆቹ ቡድኖች ጥቂት ደቂቃ ሰጥተው ያቆዩአቸዋል፣ መጨረሻው ሲቀርብ ይለቅሟቸዋል። በፈረንሳዊው የቴሌቪዥን ተንታኝ በሮቤር ሻፓት ስም የሚጠራ ስሌትም አለ፦ ግሩፑ ከቆረጠ በየ10 ኪሎ ሜትሩ አንድ ደቂቃ ያህል ይመልሳል። ይህን ስሌት በልቤ ይዤ ገና ሳልነሳ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ስሌቱ የሚሠራው ግን የሚያሳድድ ሲኖር ነው። እኛ ጋ ከቡድን ጋር የሚያነጋግር የጆሮ ሬዲዮ የለም፣ ለመሪው ብሎ ከፊት ነፋሱን እየሰበረ የሚጎትት ሎሌ የለም፤ ያለው «እሱ ይጎትት፣ እኔ ምን በወጣኝ» ብቻ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ቢስክሌት ውድድር አስታውሱ። ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ፕሮፌሽናል ቡድን አልነበራትም። ከመነሻው ወጣች፣ የመጨረሻውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻዋን ነድታ በ1 ደቂቃ ከ15 ሰኮንድ ልዩነት ወርቁን ወሰደች። ሁለተኛ የወጣችው የኔዘርላንዷ አኔሚክ ፋን ፍሉተን መስመሩን ስታልፍ ያሸነፈች መስሏት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ኦሊምፒክ ላይ የጆሮ ሬዲዮ አይፈቀድም፣ ከፊት ሰው መቅረቱን አላወቀችም። ከዓይን የተሰወረ ሰው ይረሳል። የእኛ መንገድ ደግሞ ለገሃር ጋ ይታጠፋል።

ልምምዴን ቀየርኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቸርችልን እየተነፈስኩ፣ ሳልጣደፍ እወጣለሁ፤ ጫፍ ላይ ስደርስ አንድ ደቂቃ ተኩል የቻልኩትን ያህል፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ጥርስን ነክሶ መሄድ። አምስት ጊዜ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» የሚውልባቸው እሑዶች ለዚህ በረከት ነበሩ፤ በሌሎቹ ቀናት ታክሲው ሳይበዛ መጨረስ ነው።

የውድድሩ ቀን አምስተኛው ዙር ላይ ሁለት ልጆች ዳገቱን ተኮሱ፤ ግሩፑ ተንገፍግፎ ጫፉ ሊደርስ ሲል ያዛቸው። ለማምለጥ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። የወጡት አልቀዋል፣ ያሳደዱት አልቀዋል፣ የቀረውም ሰው «አበቃ» ብሏል። እኔ ስድስተኛ ነበርኩ። ከፊት ሆኖ መነሳት ሞኝነት ነው፤ ሁሉም ያይሃል፣ ጎማህን ይይዛል። መዞሪያውን እንደዞርን ከኋላቸው ፍጥነት ይዤ በሌላኛው የመንገድ ዳር አለፍኳቸው። ለገሃር እስክደርስ ዞር ላለማለት ራሴን አስምዬው ነበር፤ አልዞርኩም።

ለገሃር ስታጠፍ ሁለት ጎማ ሰማሁ። አንዱ አረንጓዴ ማሊያ የለበሰ ልጅ ነው፣ ሌላው ዕቃ የሚያደርሰው ረጅሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ሦስታችን ፍሬን ሳንነካ በአንበሳው ሐውልት ፊት ስንታጠፍ ከኋላ ያለው ድር ግን አላበረም። እርስ በርስ ሲተያዩ ነበር፤ ኋላ አንደኛው ነው የነገረኝ።

ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። እዚያ ላይ ነው ጥፋቴን ያጠፋሁት። ተራዬ ደርሶ ከፊት ስወጣ ደስታው ጉልበት ሰጠኝና ፈጠንኩ። ረጅሙ ከኋላ «ኧረ ቀስ፣ ልትገድለን ነው?» ብሎ ጮኸ። ትክክል ነው። ተራ ሲደርስ ፍጥነት አይጨመርም፤ ያው ፍጥነት ይጠበቃል፣ ጎትቶ የጨረሰው ነው ወደ ጎን ወጥቶ ቀስ የሚለው። ፊት ላይ የምትጨምራት እያንዳንዷ ጉልበት ወደ ጭራ የሚመለሰውን ባልደረባህን ታስጨርሰዋለች፣ እሱ ሲያልቅ ብቻህን ትቀራለህ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሃያ ሰኮንድ ተከፋፈልን።

አረንጓዴው ግን ሰባተኛው ዙር ላይ «ደከመኝ» ብሎ መጎተት አቆመ። ፊቱ ላይ ድካም አላየሁም። ደሜ ፈላ። ቆሜ ልሰድበው፣ ቀስ ብዬ ልፈትነው ሁሉ አሰብኩ፤ ረጅሙ ጭንቅላቱን ነቅንቆ «ተወው» አለኝ። አንድ ሰው በነፃ መጎተት ወደ አርባ ሰው ከመመለስ ይረክሳል። ልዩነቱን የሚነግሩን ዳር የቆሙ ልጆች ነበሩ፤ 25 ሰኮንድ፣ ቀጥሎ 40፣ ከዚያ 32። 32 ስሰማ ልቤ ወረደ። ያኔ ያዳነኝ ራሴን እንደ ሕፃን ማታለሌ ነው፦ እስከ ጥቁር አንበሳ ብቻ፣ ከዚያ ታቆማለህ። ጥቁር አንበሳ ጋ ስደርስ ደግሞ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ብቻ። ሳሸንፍ በሐሳቤ መሳሌን ትቼ «ብንያዝስ? እንያዛ!» ካልኩ በኋላ ትከሻዬ ለቀቀኝ፣ ትንፋሼም ተስተካከለ።

የመጨረሻው ዙር ላይ እንደማንያዝ ታወቀ። ሦስታችን ብቻ ነን። አረንጓዴው ሁለት ዙር ሙሉ አርፏል፤ እስከ መስመሩ አብረን ከደረስን እንደሚበላን ግልጽ ነው። ስለዚህ ስታዲየም አጠገብ፣ ባቡሩ ድልድይ ሥር መነሳት ነበረብኝ። አውቀዋለሁ። ቦታውን ከሳምንት በፊት መርጬዋለሁ። ግን እዚያ ስደርስ «ብነሳና ባልቅ ሁለተኛነቱም ያመልጠኛል» የሚል ሐሳብ መጣ፣ እጄም እግሬም ያዘ። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር አረንጓዴው ተነስቶ ሄደ፣ ረጅሙ ተከተለው።

ሰኞ ጋሼ ጋ ሄድኩ።

«እህ፣ ስንተኛ ወጣህ?»

«ሦስተኛ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ስንት ሆናችሁ ነው ያመለጣችሁት?»

«ሦስት።»

የያዙትን ካቴና ጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዕንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ሲያበቁ ቢስክሌቴን ገልብጠው አቆሙና የኋላውን ጎማ አሽከረከሩ። «በል አሁን ንገረኝ፤ ድልድዩ ሥር ስትደርስ ስንተኛው ማርሽ ላይ ነበርክ?»