ካሸሯ አይደለችም ዋጋ የምታወጣው

ዛሬ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ደሜን አፈላው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እያወራ ነው። ካሸሯ "እንደምን ዋሉ?" አለችው፣ ዝም። "የዕቃ መያዣ ይፈልጋሉ?" አለችው፣ በእጁ ምልክት ሰጥቷት ወሬውን ቀጠለ። ገንዘቡንም እጇን ዘርግታ እየጠበቀችው ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

በዚያ ላይ የአንዱ ዕቃ ዋጋ መደርደሪያው ላይ ከተጻፈው በለጠ ብሎ ጮኸባት። ኧረ ጎበዝ! ማሽኑ ባርኮዱን ያነባል፣ ሲስተሙ ውስጥ የገባው ዋጋ ይመጣል፣ አለቀ። መደርደሪያው ላይ ያለው ወረቀት ሳይቀየር ቀርቶ ከሆነ መጠየቅ መብቱ ነው፣ ግን እሷ ምን አደረገችው? አንዴ ማሽኑ ላይ የተመታ ዕቃ ከሂሳቡ ለመሰረዝ እኮ ብዙ ቦታ ሱፐርቫይዘር መጠራት አለበት፣ ስለዚህ "ቶሎ በይ እንጂ" እያሉ መጮህ ሰልፉን በአንድ ደቂቃም አያሳጥረውም።

ሠራተኞቹ ሁሉ ጨዋ ናቸው አልልም። ከጎናቸው ካለው ጋር እየተሳሳቁ ደንበኛውን ቀና ብለው የማያዩ አሉ። "ዝርዝር የለም" ብለው መልስ ሳይሰጡ ቀጣዩን የሚጠሩ ደግሞ አሉ፣ እነሱ በጣም ነው የሚያናድዱኝ። ሳንቲሟ አይደለም ነገሩ፣ ሳይጠይቁኝ መወሰናቸው ነው።

ግን እኔ ብናደድ ጥዬ እወጣለሁ። ካሸሯ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት፣ አንድ ቃል ብትመልስ ደግሞ "አለቃሽን ጥሪልኝ" ይመጣል።

ስልክ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ወይ ወሬያችሁን ጨርሳችሁ ተሰለፉ፣ ወይ እኛን አሳልፉን።