ቅጹ ላይ ያልተጻፈው እብጠት

የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። በሽተኛውን ፊት ለፊት የማየው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚደርሰኝ በመስታወት ላይ የተዘረጋ ናሙናና የምርመራ መጠየቂያ ቅጽ ነው። በቅርቡ የመጣልኝ ቅጽ «የቆሽት እጢ፣ ካንሰር ይሆን?» ይላል። ሌላ አንድም ቃል የለበትም።

ካንሰር መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከቆሽት ካንሰሮች አብዛኞቹ ከቱቦው ሽፋን የሚነሡ አዴኖካርሲኖማዎች ስለሆኑ ያንኑ ጽፎ መፈረም ይቀላል። የእኚህ አባት ህዋሳት ግን ቱቦ የመሥራት አዝማሚያ አልነበራቸውም፤ ውስጣቸው በደቃቅ ቅንጣቶች ተሞልቷል። ስልክ አነሣሁና ናሙናውን የላከውን ሐኪም ስለ ሕመማቸው ጠየቅሁት።

«ቅልጥማቸው ላይ ሲነኩት የሚያም ቀይ እብጠት አለ። ለመገጣጠሚያ ሕመምም ለወራት ሲታከሙ ቆይተዋል» አለኝ።

ይህ እንዴት ከቅጹ ይቀራል! አሲናር የሚባሉት የቆሽት ህዋሳት ሥራቸው ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማምረት ነው። ካንሰሩ ከእነርሱ ሲነሣ አንዳንዴ ስብ የሚያፈርሰውን ላይፔዝ ወደ ደም ይለቃል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሞታል፣ መገጣጠሚያም ይቆጣል። ትሪፕሲንና ቢሲኤል-10 የተባሉትን ፕሮቲኖች የሚያሳየው ልዩ ምርመራ እኛ ዘንድ ስላልነበረ በሰም የተቀበረው ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ተረጋገጠ፦ አሲናር ሴል ካርሲኖማ።

ልጃቸው «ዶክተር፣ ያው ካንሰር አይደለም እንዴ? ዓይነቱ ምን ይለውጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ይለውጣል። ከእነዚህ ታማሚዎች አንዳንዶቹ የቢአርሲኤ 2 ዘረመል ጉድለት ይገኝባቸዋል፤ ያ ሲሆን ፕላቲነም ያለባቸው መድኃኒቶች ይመረጣሉ፣ ልጆችም መመርመር ይኖርባቸዋል።

ከቆሽት ካንሰሮች ሁሉ የሚያስጨንቀኝ አዴኖስኳመስ የሚባለው ነው። በጣም ፈጣን ነው፤ ስሙን የሚያገኘውም ቢያንስ 30 በመቶው ስኳመስ የሚባለው ጠፍጣፋ ህዋስ ሲሆን ነው። ቀጭን መርፌ በሌላው ክፍል ላይ ብቻ ካረፈ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ናሙና የምትልኩ ሐኪሞች፣ ከተቻለ ወፈር ባለ መርፌ በቂ ሥጋ ውሰዱልኝ። በቆሽት ካንሰር ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለውን ንጥረ ነገር የሚለካው ሲኤ 19-9 የተባለው የደም ምርመራ ደኅና ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር የማያመርቱ ሰዎች አሉ።

ቅጹ ላይም ጻፉልኝ፦ ክብደት ቀንሷል? ስኳር በቅርቡ ጀምሯል? ዓይን ቢጫ ሆኗል? ቆዳው ላይስ ምን አለ?